በቤት ያደረ እርሾ፣ ለኢፍጣር የደረሰ ዳቦ

ረመዳን ሲገባ ከዐስር ሶላት በኋላ በየዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ቤት ውስጥ ሳምቡሳው ተጠቅልሏል፤ የአጃው ሾርባ ተጥዷል፤ ተምሩም ታጥቦ በሳህን ቀርቧል። የቀረው ዳቦ ነውና ልጅ ብር ተሰጥቶት ይላካል። አዛን ሊል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በሩጫ የሚመለስ አለ፤ "አልቋል" ተብሎ ባዶ ፌስታል ይዞ የሚመለስም አለ። የተገኘው ዳቦ ደግሞ ለኢፍጣር ለስላሳ ሆኖ ሳለ ለሱሑር ሲቀርብ ደርቆ ይፈረፈራል። የተረፈው ጠዋት ከቆሻሻ ጋር ሲወጣ ማየት በዚህ ወር ለማንም ቤተሰብ ደስ አይልም።

በዛሬው የረመዳን ገጻችን የምናነሳው በቤት እርሾ ቦክቶ በቤት ስለሚጋገር የስንዴ ዳቦ ነው። ይህን ሙያ ለመማር ከሌላው ወር ይልቅ ረመዳን ይመቻል። የእርሾ ዳቦ የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ ወይም ውድ ዕቃ ሳይሆን ጊዜ ነው። በረመዳን ደግሞ ቤተሰቡ ከተራዊህ ሲመለስ፣ ለሱሑር ሲነሳና ፈጅር ሲሰግድ ነቅቶ ይገኛል። ሊጡ የሚፈልገውም በእነዚሁ ሰዓታት ለአንድ አፍታ የሚነካውን እጅ ነው። ቀሪውን ሥራ ቤቱ ተኝቶ ሳለ እርሾው ራሱ ይሠራዋል።

እርሾ ለጓዳችን እንግዳ አይደለም

የኢትዮጵያ ቤት እርሾን ከጥንት ያውቀዋል። ጤፍ ሲቦካ ከቀደመው ቡሆ የተረፈው እርሾ ይጨመርበታል፤ ከቀናት በኋላ ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳል፤ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ለድፎ ዳቦም ብዙ እናቶች ከዚሁ የእንጀራ እርሾ ቀንሰው በስንዴው ዱቄት ላይ ይጨምሩ ነበር። እርሾ ያለቀባት ከጎረቤቷ ትዋሳለች፤ በሌላ ቀን ደግሞ እሷ ታውሳለች። እርሾ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አልነበረም።

ዛሬ ግን በከተማ ብዙ ቤተሰብ እንጀራውን ገዝቶ ይበላል። የቡሆ ዕቃው ከጓዳ ሲወጣ እርሾውም ወጣ፤ ከእርሾው ጋር ደግሞ ሙያው እየወጣ ነው። አያት በእጇና በአፍንጫዋ የምታውቀውን የልጅ ልጅ ከስልክ ትፈልገዋለች። ስልኩ ላይ የሚገኘው መመሪያ በአብዛኛው ለሌላ አገር ዱቄት፣ ለሌላ አየርና ለሌላ ምድጃ የተዘጋጀ ነው። እንደተባለው አድርጋ ሳይሳካ ሲቀር "እኔ አልችልም" ብላ ትተወዋለች። የጎደላት ግን ችሎታ አይደለም፤ ለራሷ ቤት የሚሆነውን መጠንና ሰዓት የሚነግራት ሰው ነው።

በእርሾው ውስጥ ያለው ሥራ

በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ሕያዋን አብረው ይኖራሉ። አንደኞቹ ይስት የሚባሉ ጥቃቅን ፈንገሶች ናቸው። በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ አየር ያወጣሉ። ሁለተኞቹ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። የዳቦው መጠነኛ ኮምጣጣ ጣዕም የእነሱ ሥራ ነው፤ አሲዱም ዳቦው ቶሎ እንዳይሻግት ይረዳል።

ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው የሚኖሩበትን ምክንያት ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ኮምጣጣ ዳቦ ላይ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። በዚያ እርሾ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ማልቶስ የተባለውን ስኳር ይበላል፤ አብሮት የሚኖረው ይስት ደግሞ ማልቶስን አይነካም፤ ሌላውን ስኳር ይመገባል። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይሻማም ማለት ነው። የተረጋጋ እርሾ ዓመታትን የሚያልፈውም በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው።

ይህ አየር በጤፍ ቡሆ ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል፤ የእንጀራ ዓይን የሚባለውም ይኸው ነው። ስንዴ ግን ግሉተን አለው። ግሉተን ሲታሽ እንደ ላስቲክ እየተሳበ አየሩን አፍኖ ይይዛል። ዳቦ ኩፍ ብሎ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከጤፍ እርሾ ተነስቶ የስንዴ ዳቦ መጋገር ቢቻልም ዱቄቱ ራሱ ስንዴ መሆን አለበት።

መቡካት የሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች አስረዳ። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ ተመርጦ የሚባዛ ይስት ለገበያ ወጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ለወታደር ቀለብ እንዲመች ደርቆ በዕቃ የሚታሸገው ተስፋፋ። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ደረቅ እርሾ የዚያ ልጅ ነው። ሊጡን በአንድና ሁለት ሰዓት ስለሚያነሳ ለዳቦ ቤት ይመቻል። አሲድ ለሚሠሩት ባክቴሪያዎች ግን ጊዜ አይተውም፤ ስለዚህ ጣዕሙም፣ ሳይሻግት የመቆየቱም ነገር ይቀንሳል።

በሙስሊሙ ዓለም የዳቦና የረመዳን ቁርኝት በየአገሩ መልክ አለው። ግብፃውያን ዳቦን "ዐይሽ" ይሉታል፤ ቃሉ ሕይወት ማለት ነው። በቱርክ ጥቁር አዝሙድና ሰሊጥ የሚነሰነስበት ክብ የረመዳን ዳቦ አለ፤ እዚያም ከመግሪብ በፊት በዳቦ ቤት ደጅ ሰልፍ ይታያል። በሞሮኮ እናቶች ሊጡን ቤታቸው አቡክተው ወደ ሰፈሩ የጋራ ምድጃ የመላክ የቆየ ልማድ አላቸው። በኢራን በጋለ ጠጠር ላይ የሚጋገረው ሳንጋክ በባህላዊ መንገዱ የሚቦካው በእርሾ ነው።

እርሾውን ማስነሳት

ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የእንጀራ እርሾ የሚያገኝ ሰው መንገዱ አጭር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ ወስዶ ለአራትና ለአምስት ቀን በስንዴ ዱቄት ቢመግበው የዳቦ እርሾ ይሆንለታል። የማያገኝ ደግሞ ከዱቄትና ከውሃ ብቻ ይጀምራል።

ክዳን ያለው ንጹሕ የማር ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ይዘጋጅ። 25 ግራም ዱቄትና 25 ግራም ውሃ ይቀላቀላል። ለመጀመሪያው ቀን በወፍጮ ቤት ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ ከፉርኖ ዱቄት ይሻላል፤ እርሾ የሚሆኑት ሕያዋን በብዛት የሚገኙት በገለባው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ የክሎሪን ሽታ ካለው ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ክዳኑ ግጥም ተደርጎ ሳይዘጋ ይቀመጣል።

ከማግስቱ ጀምሮ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ከድብልቁ 25 ግራም ብቻ ይቀራል፤ በላዩ 25 ግራም ዱቄትና 25 ግራም ውሃ ይጨመራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በኃይል ሊፈላና መጥፎ ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ጸጥ ይላል። ብዙ ሰው "ሞተ" ብሎ የሚደፋው በዚህ ጊዜ ነው። አልሞተም፤ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ቦታውን ለትክክለኞቹ እየለቀቁ ነው። መመገቡን ሳያቋርጡ መጠበቅ ብቻ ነው።

እርሾው መድረሱ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ሽታው እንደ እርጎ ወይም እንደበሰለ ፍራፍሬ ደስ የሚል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከተመገበ በኋላ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ላስቲክ አስሮ ከፍታውን መከታተል ጥሩ ዘዴ ነው። ገና ጾም ያልጀመሩ ወይም የግማሽ ቀን ጾም የሚለማመዱ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። ብርድ ባለበት ቤት እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት የተጀመረ እርሾ በወሩ አጋማሽ ዳቦ ያነሳል፤ ለዒድ ደግሞ በደንብ ይጠነክራል።

የብክነት ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀነሰው ድብልቅ ገና ስላልተረጋጋ አይበላም፤ በ25 ግራም መጀመሩም ለዚህ ነው። እርሾው ከደረሰ በኋላ ግን የሚቀነሰው አይደፋም። ጥቂት ዱቄትና ጨው ተጨምሮበት በምጣድ ቂጣ ቢሆን ለሱሑር ከሻይ ጋር ይሄዳል። ዳቦ በማይጋገርበት ሳምንት እርሾው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና በሳምንት አንድ ጊዜ ይመገባል።

ላዩ ላይ የሚታየው ግራጫ ውሃ መራቡን የሚያሳይ ነው፤ ተደፍቶ ይመገባል። ሮዝ ወይም ብርቱካናማ መስመር፣ ወይም ፀጉራም ሻጋታ ከታየበት ግን ሳይሳሱ ሙሉ በሙሉ ጥሎ እንደገና መጀመር ይገባል።

ሊጡና የጾሙ ሰዓት

ለአንድ ቤተሰብ ኢፍጣር የሚበቃ ዳቦ የሚፈልገው 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 325 ግራም ውሃ፣ 100 ግራም የተነሳ እርሾና 10 ግራም ጨው ነው። ከዱቄቱ 100 ግራሙ ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ ቢሆን ጣዕሙ ይጨምራል። ሚዛን የሌለው ቤት ግማሽ ኪሎ ዱቄቱን ባለሱቁ ይመዝንለት። ውሃው ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው።

ጾመኛ ሆኖ የሚጋግር ሰው ሊጡን አይቀምስም። ስለዚህ ጨውን በግምት ከመበተን መለካት ይሻላል፤ 10 ግራም ደቃቅ ጨው ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው። ሌላው ሁሉ በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ የሚታወቅ ነው። ከዚህ አንጻር የእርሾ ዳቦ ከወጥ ይልቅ ለጾመኛ ጋጋሪ ይመቻል።

አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ሥራው እንዲህ ይደለደላል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እርሾው ይመገባል፤ 50 ግራም እርሾ፣ 50 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም ውሃ። ከዚህ 100 ግራሙ ለዳቦ ይውላል፤ 50 ግራሙ ለቀጣዩ ጊዜ ይቀመጣል።

ከተራዊህ መልስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ዱቄቱ፣ ውሃውና እርሾው ይቀላቀላሉ። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ጨው ይጨመርና ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይታሻል። ጥቁር አዝሙድ ወይም ድንብላል የሚወድ ቤት የሚጨምረው አሁን ነው። ሊጡ በጎድጓዳ ሳህን ተከድኖ ይተኛል፤ ቤተሰቡም ይተኛል።

ለሱሑር ሲነሱ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ፣ እጅን በውሃ አርሶ ሊጡን ከአራቱም ጎን ወደ ላይ እየሳቡ ወደ መሐል ማጠፍ ነው። ይህ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ሻዩ እስኪፈላ ያልቃል። ማጠፉ ግሉተኑን ያጠነክረዋል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሊጡ ከመጀመሪያ መጠኑ ቢያንስ በግማሽ ጨምሮ፣ ጠርዙ ላይ አረፋ ቋጥሮ ይገኛል። ያኔ ተድቦልቡሎ ዘይት በተቀባ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ሊጡን ከድኖ ያስገባውና ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ አውጥቶ ይጋግረዋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቆ ጠዋቱን ይጋግራል። በጠዋት የተጋገረ የእርሾ ዳቦ ለመግሪብ ምንም አይሆንም፤ ይልቁንም ጣዕሙ ሲያርፍ ይበልጥ ይወጣል።

ሊጡ ለእሳት መድረሱ በጣት ይታወቃል። ዱቄት በነካ ጣት ቀስ ብሎ ሲጫኑት ጉድጓዱ ወዲያው ከተመለሰ ጊዜ ይቀረዋል። ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል። ጨርሶ ካልተመለሰ ጊዜው አልፎበታል፤ ሳይዘገይ ወደ እሳት ይግባ።

ለቆላም ለደጋም አንድ ሰዓት አይሠራም

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር በቀላሉ ይለጠጣል፤ ሊጡም ለዓይን ቶሎ ያደገ ይመስላል። በዝቅተኛ ቦታ ለሚጋግር ሰው የተጻፈው "እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ" የሚለው ምክር በደጋ ዳቦውን ሊያስተኛው የሚችለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የደጋው ብርድ እርሾውን ያዘገየዋል። ከሰዓቱ ይልቅ ሊጡን ራሱን መከታተል ይበጃል።

ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። በ30 ዲግሪ ሙቀት ከተራዊህ በኋላ የተቦካ ሊጥ ሱሑር ላይ ከልኩ በላይ ኮምጥጦ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እርሾውን ወደ 30 ወይም 40 ግራም መቀነስ፣ ውሃውን ቀዝቃዛ ማድረግ፣ ሱሑር ላይ አድቦልቡሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት። ሐረርና ኮምቦልቻ በመሐል ናቸው፤ በአንድና በሁለት ሙከራ ሰዓታቸውን ያገኙታል።

ኦቨን ያለውም የሌለውም

ኦቨን ያለው ቤት ክዳን ያለው ወፍራም ብረት ድስት ቢኖረው መልካም ነው። ድስቱ ከነክዳኑ በ230 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይግላል። ሊጡ በጥንቃቄ ይገባና ላዩ በምላጭ ወይም በስለታም ቢላ ይሰነጠቃል፤ ተከድኖ 20 ደቂቃ፣ ተከፍቶ ሌላ 20 ወይም 25 ደቂቃ ይጋገራል። ክዳኑ ከሊጡ የሚወጣውን እንፋሎት አፍኖ ይይዛል፤ ቅርፊቱ ቶሎ ሳይደርቅ ዳቦው እንዲነሳ የሚያደርገውም እንፋሎቱ ነው።

ኦቨን የሌለው ቤት ደግሞ ከኦቨን የቆየ መላ አለው፤ የድፎ ዳቦ አጋገር። የኮባ ቅጠል ታጥቦ፣ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ አለፍ አለፍ ተደርጎ ይለሰልስና ምጣዱ ላይ ይነጠፋል። ሊጡ ይደረግበታል፣ በሌላ ቅጠል ይሸፈናል፣ አክምባሎ ይደፋበታል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ሙቀቱ ለእንጀራ ከሚሆነው ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ታቹ አርሮ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። አንዱ ጎን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይገለበጣል። ኮባው ማረርን ይከላከላል፣ እርጥበት ይይዛል፣ መዓዛም ይሰጣል። መብራት ቢጠፋ በከሰል ከላይና ከታች ማብሰል ይቻላል። ሊጡ ጥቂት ሰዓት መዘግየትን ይታገሣል፤ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማቆየት ብቻ ነው።

መብሰሉ በድምፅ ይታወቃል። ታቹን በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ዕቃ ከጮኸ በስሏል። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ለጾመኛ ከባድ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይቆረጥ ይቀመጥ። መሐሉ ገና እየረጋ ስለሆነ በትኩሱ ከተቆረጠ ሙጫ ይመስላል። ዳቦው መግሪብ ሊደርስ ሲል ሳይሆን ቀደም ብሎ የሚጋገረውም ለዚህ ነው።

ያልተሳካ ዳቦ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ጥቅጥቅ ብሎ መሐሉ ላይ ጥቂት ትላልቅ ቀዳዳ ካለው እርሾው ሳይነሳ ገብቷል ወይም ጊዜ አጥሮታል። ጠፍጥፎ በጣም ከኮመጠጠ ጊዜ በዝቶበታል። ቅርፊቱ ደህና ሆኖ ውስጡ ከረጠበ እሳቱ በርትቶ ደቂቃው አንሷል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መሞከር ነው። ሠላሳው ቀን ለዚህ በቂ ነው።

ለጤናው

ስንዴ በተለይም ከነገለባው ሲፈጭ ፋይቲክ አሲድ የተባለ ነገር አለው፤ ይህም ብረትና ዚንክ የተባሉት ማዕድናት በሰውነት በቀላሉ እንዳይወሰዱ ይይዛቸዋል። ረጅም የእርሾ መቡካት ፋይቲክ አሲዱን በብዛት ይሰብረዋል። በእርሾ የቦካ ዳቦ ከተለመደው ነጭ ዳቦ ይልቅ የደም ስኳርን ቀስ ብሎ እንደሚያነሳ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ይህ ግን ዳቦውን መድኃኒት አያደርገውም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የሚበላውን መጠን እንደ ሌላው ዳቦ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን። ሴሊያክ የተባለው የግሉተን ሕመም ያለበት ደግሞ የስንዴ ዳቦ በእርሾ ስለቦካ አይፈቀድለትም።

እርሾ ሲከፈል አያልቅም

የእርሾ ጥሩ ጠባዩ ሲሰጡት አለማነሱ ነው። በእያንዳንዱ ምግብ ስለሚያድግ ለራስ የተቀመጠው ሳይነካ ለጎረቤት ሁለት ማንኪያ ይተርፋል። ቀድሞ ከቤት ወደ ቤት ይዞር የነበረው እርሾ እንደገና ሊዞር የሚችልበት ወር ቢኖር ይኸው ነው። ጾመኛን ማስፈጠር ትልቅ ምንዳ እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ከአንድ ዳቦ ግማሹ በጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጎረቤት ቢላክ፣ ከጎኑም በትንሽ ጠርሙስ እርሾ ቢታከልበት፣ ያ ቤት ነገ የራሱን ይጋግራል።

በቅርብ ዓመታት ረመዳንና የክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም እየተገናኙ ነው። የዚህ ዳቦ ሊጥ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ነው፤ ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል የለበትም። ስለዚህ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጾመኞች፣ የሚያፈጥሩበት ሰዓት ቢለያይም፣ ከአንድ ዳቦ መቁረስ ይችላሉ።

ራቅ ላለ ዘመድም መላክ ይቻላል። የተነሳ እርሾ በንጹሕ ላስቲክ ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባና በጥላ ይደርቃል፤ ሲሰባበር በትንሽ ወረቀት ይታሸጋል። ተቀባዩ ለብ ባለ ውሃ አርሶ ለጥቂት ቀናት ሲመግበው ይነቃል። ልጅዋ በሌላ ከተማ ወይም በባሕር ማዶ ያለች እናት የጓዳዋን እርሾ በፖስታ መላክ ትችላለች ማለት ነው።

ሙያውን ግን በፖስታ መላክ አይቻልም። አያት ቤት ውስጥ ካሉ ሊጡ ሲታሽ አጠገብ ይቀመጡ፤ እጃቸው የሚያውቀውን በቃል መጽሐፍ አያስረዳውም። ሴት ልጅም ወንድ ልጅም እጁን ታጥቦ ይጠጋ። ዛሬ ላስቲኩን ጠርሙሱ ላይ የሚያስር ልጅ ከጥቂት ረመዳኖች በኋላ ሱሑር ላይ ተነስቶ ሊጡን ራሱ ያጥፋል።

ረመዳን ከሪም።